ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተከፈተ በር

ግቢ የተማራችሁ ያንን በር ታውቁታላችሁ። «ኮምፒውተር ላብ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚኖር፣ ሰውየው ደግሞ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ» የሆነ። እኔ በተማርኩበት ግቢ ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ይውሉ ነበር። የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ፈተና ያለፍኩት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ነው።

እስቲ አሁን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ልውሰዳችሁ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በ1950ዎቹ የሒሳብ መምህሩ ቶማስ ከርትዝ ፕሮግራም ማስኬድ ሲፈልግ፣ የተበሱ ካርዶቹን ተሸክሞ በባቡር እስከ ኤምአይቲ ይሄድ ነበር። ካርዱ ላይ አንዲት ስህተት ከተገኘች ልፋቱ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ከርትዝና የሥራ ባልደረባው ጆን ኬሜኒ አንድ ነገር አሰቡ። ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ «ለምን መጣህ?» አይባልም፣ ሒሳብም አይከፍልም። ታዲያ ኮምፒውተርስ ለምን እንደዚያ አይሆንም?

ችግሩ ማሽኑ አንድ፣ ተማሪው ብዙ መሆኑ ነው። መላው ጊዜን መጋራት ሆነ። ማሽኑ ጊዜውን በጥቃቅኑ እየሸነሸነ ለሁሉም በተራ ያድላል። ከፍጥነቱ የተነሳ እያንዳንዱ ተማሪ ማሽኑ የእሱ ብቻ ይመስለዋል። ሁለተኛው መላ ቤዚክ የተባለው ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። ለኢንጂነር ብቻ ሳይሆን ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም ታስቦ የተሠራ ነው።

ሜይ 1 ቀን 1964፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ሁለት የቤዚክ ፕሮግራሞች በአንድ ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ሠሩ። ሲስተሙን በመጻፉ ሥራ ትልቁን ድርሻ የያዙት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የጀማሪዎች የሒሳብ ትምህርት መልኩ ተቀየረ። ተማሪው ቀመሩን መሸምደድ ብቻ ሳይሆን ለማሽኑ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ነበረበት። ማስረዳት የቻለ ደግሞ እሱም ገብቶታል ማለት ነው።

ሙገሳ አላበዛም። ያ ክፍት በር ለወንዶች ነበር። ኮሌጁ ሴቶችን የዲግሪ ተማሪ አድርጎ መቀበል የጀመረው በ1972፣ ኬሜኒ ራሱ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። እጅ ብታወጣ አያይህም፤ «ቆይ፣ አልገባኝም» ብትለው አይሰማህም። አስተማሪው ጎን ቆሞ ያያል። ቴክኖሎጂውማ ከዳርትማውዙ ማሽን 40 ዓመት ይቀድም ነበር። ልዩነቱ ማን ማንን ያዛል የሚለው ላይ ነው። እዚያ ተማሪው ማሽኑን አዘዘ፤ እዚህ ማሽኑ ተማሪውን።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ዩኒቨርሲቲ «በዲጂታል ማስተማር ጀመርኩ» ብሎ ሪባን ሲቆርጥ፣ ስንት ኮምፒውተር ገዛችሁ ብለን አንጠይቅ። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው እንበል።