የደብዳቤ ምሥጢር

ቀድሞ በጣና ዳር ለሚኖር ሰው የተላከ ደብዳቤ እሽጉ ተቀዶ ቢደርስ፣ ምሥጢሩ መደፈሩን ተቀባዩ በዓይኑ አይቶ ያውቅ ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በ26ኛው አንቀጹ፣ በሕግ ከተወሰነው በቀር የማንም ኢትዮጵያዊ የደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፈር ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የታወጀውም በዚያው በ26ኛው አንቀጹ ይህንኑ ጥበቃ እስከ ስልክና እስከ ኤሌክትሮኒክ መልእክት አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጣ።

ዛሬ ግን ከባሕር ዳር አጠገብ ከሰባታሚት በእጅ ስልክ የተላከውን መልእክት ሌላ ሰው ቢያነበው፣ የሚታይ የተቀደደ እሽግ የለም። ስለዚህ ምሥጢር ጠፍቷል ብሎ መተው አይገባም፤ ሌባ በማይታይበት ሌሊት ጥበቃ ይበረታል እንጂ አይላላም። እኛም የሰው መዝገብ በአደራ የያዝን ሠራተኞች፣ ያልተፈቀደልንን ገጽ አንግለጥ።