ዎኪንግ፦ ባቡር የወለዳት የመስጂድ ከተማ

ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር የተሳፈረ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲጓዝ በመስኮቱ በኩል ከዛፎች መሃል ብቅ ያለ የመስጂድ ጉልላት ያያል። ዎኪንግ ደረሰ ማለት ነው።

ብሪታንያ ውስጥ መስጂድ እንዲሆን ታስቦ ከመሠረቱ የተገነባው የመጀመሪያው መስጂድ የት ነው ቢባል ብዙዎቻችን ለንደን እንላለን። አይደለም። ነዋሪዎቿ ጠዋት ወደ ለንደን ለሥራ ሄደው ማታ ለመኝታ በሚመለሱባት በዚች ከተማ ነው ያለው። እዚያ ምን አመጣው?

መጀመሪያ የመጣው ባቡሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሐዲዱ ሲዘረጋ ጣቢያው የተተከለው ከጥንቱ የዎኪንግ መንደር ራቅ ብሎ፣ ቁጥቋጦ በበዛበት ባዶ ሜዳ ላይ ነበር። ያንን ሜዳ በሰፊው የገዛው ደግሞ የቀብር ኩባንያ ነው። ለንደን ኮሌራ ሕዝቧን ፈጅቶ፣ መቃብሮቿ ሞልተው ስለነበር ኩባንያው አስከሬን በባቡር እያመጣ እዚህ ሊቀብር አሰበ። የብሩክውድ መቃብር በ1854 ተከፈተ። የቀብር ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው፤ ለቀስተኛው ብቻ ሳይሆን ሬሳውም በማዕረግ ይጓዝ ነበር። (አፈር ለመግባት ማዕረግ! ሱብሐነላህ።) ኩባንያው ከመቃብሩ የተረፈውን መሬት ቀስ በቀስ ሸጠው፤ የዛሬዋ ዎኪንግ ጣቢያውን ከብባ ያደገችው በዚያ መሬት ላይ ነው።

መስጂዱን ያሠራው ሰው ታሪክም የሚገርም ነው። ጎትሊብ ላይትነር የዛሬዋ ቡዳፔስት አካል በሆነችው ፔስት፣ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ የቋንቋ ሊቅ ነበር። ላሆር ውስጥ የመንግሥት ኮሌጅ ኃላፊ ሆኖ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመለሰና ለጡረተኛ ተዋንያን ታስቦ ተሠርቶ የከሸፈ ትልቅ ሕንጻ ዎኪንግ ውስጥ ገዝቶ የምሥራቅ ጥናት ተቋም አደረገው። እዚያው ግቢ መስጂድ ለማሠራት ገንዘብ ሲያሰባስብ ዋናውን ወጪ የሸፈኑት የቦፓል ገዥ የነበሩት ሻህ ጀሃን ቤገም ናቸው። አዎ፣ ሴት ገዥ ናቸው። መስጂዱ በ1889 ተጠናቀቀ፤ እስከ ዛሬ የሚጠራውም በስማቸው ነው።

መስጂዱ ያምራል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ጣቢያውም ቅርብ ነው። ጎረቤት ግን አልነበረውም። ላይትነር በ1899 ሲሞት ተቋሙ ተዘጋ፤ መስጂዱም ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጀማዓ ቀረ። በአካባቢው የሚኖር ሙስሊም አልነበረም ማለት ይቻላልና ማን ይክፈተው? በ1895 ዎኪንግ ውስጥ ይኖር የነበረው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ፣ በ1898 ባሳተመው የማርስ ወራሪዎች ልቦለድ ላይ የዚህን መስጂድ ጫፍ አስመትቶታል። ለከተማው ሰው መስጂዱ ከሩቅ የሚታይ እንግዳ ሕንጻ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም።

በሩን መልሰው የከፈቱት በ1913 ከላሆር የመጡት ጠበቃ ኸዋጃ ከማሉዲን ናቸው። በኋላ የላሆር አሕመዲያ የተባለው ቡድን አባል ነበሩ፤ ታሪክ ነውና ሳንጠቅሰው አናልፍም። ከዚያ ወዲህ እስላሚክ ሪቪው የተባለው መጽሔት ከዎኪንግ ይወጣ ጀመር፤ የኢድ ቀንም ሰው ከለንደን በባቡር እየመጣ በመስጂዱ ሣር ላይ ይሰግድ ነበር። ቁርኣንን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ1930 ያሳተሙት ማርማዱክ ፒክታል የዚሁ ክበብ ሰው ነበሩ። እሳቸውም፣ ሌላው ታዋቂ ተርጓሚ አብደላህ ዩሱፍ ዐሊም፣ ሊቨርፑል ላይ ቀድሞ ጀማዓ ያቋቋመው አብደላህ ኩዊሊያምም፣ ላይትነር ራሱም ብሩክውድ ነው ያረፉት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ተሰልፈው ቆስለው እዚያው አገር የሞቱ የሕንድ ሙስሊም ወታደሮችም ነበሩ። የጀርመን ፕሮፓጋንዳ "እንግሊዞች ሙስሊሙን በሥርዓቱ አይቀብሩትም" እያለ ያወራ ስለነበር መንግሥት ከመስጂዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሆርሴል ሜዳ ላይ ግንብ የታጠረ መቃብር አሠራላቸው። በሁለቱ ጦርነቶች 27 ወታደሮች ተቀበሩበት። ቦታው ጥበቃ አጥቶ ስለተጎዳ በ1968 አጽማቸው ወደ ብሩክውድ ተዛወረ፤ በ2015 ግቢው የሰላም አትክልት ሆኖ ሲታደስ 27 ዛፎች ተተከሉ። የሞቱት እንኳ ዘመድ በአቅራቢያው ባለመኖሩ ሁለቴ ተጓዙ።

መስጂዱ እውነተኛ ጀማዓ ያገኘው በ1950ዎቹና 60ዎቹ ነው። የፓኪስታን ስደተኞች ለሥራ መጥተው ቤት ያዙ፣ ልጅ ወለዱ። በ2018 በእንግሊዝ ከፍተኛው የቅርስ ደረጃ ሲሰጠው፣ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው መስጂድ ነበር።

ለንደን እየሠሩ እዚያ መኖር ግን ምን ይመስላል? በሰላት ሰዓት እንለካው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ስለዚህ ዙህርም ዐስርም መግሪብም ቢሮ ያገኙታል፤ ቤቱ አጠገብ ታሪካዊ መስጂድ እያለለት ሦስቱን ሰላት በጠረጴዛና በግድግዳ መሃል ይሰግዳል። ጁሙዓንም እንደዚያው ለንደን ነው የሚሰግደው። ሰኔ ላይ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከሥራ ተመልሶ፣ እራቱን በልቶ፣ መግሪብን ከልጆቹ ጋር በጀማዓ ይደርሳል። በሥራ ቀን የቀትሩን ሰፍ የሚሞሉት ሱቅ ያላቸው፣ ጡረተኞችና ሥራቸው እዚያው ከተማ የሆነ ሰዎች ናቸው።

ኑሮውም ርካሽ አይደለም፤ ለንደን ቅርብ የሆነ ነገር ሁሉ ይወደዳል። የከተማዋ ምክር ቤት በብድር ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ሲያስገነባ ቆይቶ በ2023 ወጪውን መሸፈን እንደማይችል በይፋ አስታውቋል። ማታ ከባቡሩ የሚወርደው ሰው በነዚያ ፎቆች ሥር ያልፋል። ታኅሣሥ ከሆነ ጨልሟል፤ ፈጠን ብሎ ከተራመደ ዒሻን ከጀማዓው ጋር ይደርሳል።