ከጨለማው ክፍል እስከ ኮምፒውተር፤ የፎቶግራፍ እርማት አሠራር ታሪክ

ፎቶግራፍ ማንሣት የቅጽበት ሥራ ሲሆን፣ የተነሣውን ሥዕል መርጦ፣ አርሞና አስተካክሎ ለባለቤቱ ማድረስ ግን ሰዓታትና ቀናት የሚፈጅ መሆኑ በሙያው ለሚተዳደሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የእርማት መሣሪያዎች ታሪክም በአብዛኛው ጊዜን የመቆጠብ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ጊዜው የተቆጠበው የባለሙያው እጅ በመፍጠኑ አይደለም። ሥራውን ያፋጠነው፣ አንድ ጊዜ የተደረገን እርማት ያለ ጉዳት መመለስና ያለ አዲስ ድካም መድገም የሚቻልበት ዘዴ መገኘቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፊልም ዘመን ባለሙያው በጨለማ ክፍል ውስጥ በደብዛዛ ቀይ መብራት እየተመራ፣ ከማጉያው መሣሪያ ሥር ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እንዲጠቁር የማይፈልገውን ክፍል በእጁ ወይም በካርቶን ቁራጭ ይጋርድ፣ እንዲጠቁር የሚፈልገውን ደግሞ ተጨማሪ ብርሃን ይሰጠው ነበር። ወረቀቱ ታጥቦ ጉድለት ቢታይበት፣ ያለው መፍትሔ ሌላ ወረቀት ዘርግቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነበር። ሁለተኛ ቅጂ ሲፈለግም ያው ድካም ይደገማል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ነው። አዳምስ በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ከኸርናንዴዝ መንደር በላይ ጨረቃ ወጥታ ሳለ አንድ ሥዕል አነሣ፤ ሁለተኛ ለማንሣት ሲዘጋጅ ግን በመቃብሩ መስቀሎች ላይ የነበረው የፀሐይ ብርሃን ጠፋ። ከዚያ አንድ ነጋቲቭ በሚቀጥሉት ዓመታት እጅግ ብዙ ቅጂዎችን አተመ፤ እያንዳንዱንም በእጁ እየጋረደና እያጠቆረ ስለ ነበር፣ ሰማዩ በኋለኞቹ ኅትመቶች ከቀድሞዎቹ ይልቅ የጠቆረ ሆኖ ይታያል። በ1948 የነጋቲቩ የታችኛው ክፍል በመሳሳቱ ምክንያት በኬሚካል አጠነከረው። ሥራው ተሳካለት፤ ቢበላሽ ኖሮ ግን የሚተካው ሌላ ነጋቲቭ አልነበረም።

በ1987 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያሳይ የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ ግራጫ ድምቀቶችን ለማሳየት የሚያስችል ፕሮግራም ጻፈ። በሲኒማ ሥራ የተሰማራው ወንድሙ ጆን ኖልም ተባበረው፤ የሁለቱ ሥራ አዶቢ በተባለው ኩባንያ አማካይነት በ1990 ፎቶሾፕ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ኬሚካሉና ወረቀቱ ቀሩ፤ ዋናው ችግር ግን አልቀረም። በመጀመሪያው ፎቶሾፕ ሊመለስ የሚችለው የመጨረሻው እርምጃ ብቻ ነበር። በሥዕሉ ላይ የተለጠፈ ነገር ከሥሩ ካለው ጋር ስለሚዋሐድ፣ ሐሳቡን የለወጠ ባለሙያ ቀድሞ ወዳስቀመጠው ቅጂ ከመመለስ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ችግሩ የተቃለለው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1994 የወጣው ሦስተኛው ፎቶሾፕ ሌየርን ይዞ መጣ፤ ይኸውም እርማቱን እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ከሥዕሉ በላይ መደረብና ሳይስማማ ሲቀር አንሥቶ መጣል የሚያስችል ነው። በ1996 የወጣው አራተኛው፣ ተከታታይ እርምጃዎችን መዝግቦ በሌሎች ሥዕሎች ላይ በራሱ የሚደግመውን አክሽን ጨመረ። በ1998 የወጣው አምስተኛው ደግሞ ብዙ እርምጃዎችን ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስችል የሥራ መዝገብ አስገኘ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ዋናውን ሥዕል ፈጽሞ አለመንካት ነው። በ2007 የወጣው ላይትሩም እርማቱን የሚይዘው እንደ ትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ ካሜራው የመዘገበው ጥሬ ፋይል ግን እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ የአንድ ሠርግ 300 ሥዕሎች ያሉት ባለሙያ፣ በአንድ ብርሃን ከተነሡት መካከል አንዱን አርሞ ያንኑ እርማት ለቀሩት ማስተላለፍ፣ ከዚያም የተለየ ጉድለት ያለባቸውን ብቻ በተናጠል መመልከት ይችላል። ከእርማቱ በፊት የማይፈለጉትን ለይቶ ያወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ለማይሰጥ ሥዕል አይደክምም።

ይህ አሠራር ከጊዜ ቁጠባ ሌላ፣ የሙያውን ታማኝነት የሚነካ ጥቅም አለው። በፌብሩዋሪ 1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በወርድ የተነሣውን የግብፅ ፒራሚዶች ሥዕል ቁመት ባለው ሽፋኑ ላይ ለማግባት ሲል በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አንዱን ፒራሚድ ወደ ሌላው አስጠጋ፤ በዚህም ብርቱ ትችት ደረሰበት። መሣሪያው በየባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ በኋላ ፈተናው የሁሉም ሆነ። በ2015 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች መካከል 20 በመቶ ያህሉ ከውድድሩ ወጥተዋል፤ ይህም የታወቀው የቀረበው ሥዕል ከካሜራው ፋይል ጋር ሲመሳከር ነው።

ስለሆነም የጥሬ ፋይልን መጠበቅ ለፎቶግራፍ ባለሙያ የቅልጥፍናም የክብርም ጉዳይ ነው። እርማቱን ከዋናው ለይቶ የሚይዝ ባለሙያ ደንበኛው ለውጥ ቢጠይቀው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሥራው እውነት ስለ መሆኑ ቢጠየቅም የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። በዋናው ላይ ደርቦ የሚያስቀምጥ ግን የዘመኑን መሣሪያ ይዞም ቢሆን፣ አንድ ነጋቲቭ ብቻ በእጁ ከነበረው ከአዳምስ የተሻለ ዋስትና የለውም።