የፉሪ ተራራ የርእደ መሬት ጣቢያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፥ ሰበታ ሳይደረስ በስተግራ የሚታየው ተራራ ፉሪ ይባላል፤ በስተቀኝ ያለው ወጨጫ ነው። ሁለቱም እሳታቸው ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት ያለፋቸው እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከፉሪ ግርጌ ያለው ሰፈር በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ ያሰብነው ግን ስለ ሰፈሩ ሳይሆን በተራራው ላይ ስለሚገኝ አንድ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው የምድርን መንቀጥቀጥ ቀንና ሌሊት ይመዘግባል።

የነገሩ መነሻ አራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና በጨቅላ ዕድሜው ሳለ፥ በ1949 ዓ.ም. ክረምት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ታወጀ። በዚያን ጊዜ የዓለም ሊቃውንት ከአዲስ አበባ የሚፈልጉት ነገር ነበር። ከተማችን ለምድር የመግነጢስ ወገብ ቅርብ ናት፤ በዚህ ወገብ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ይህን ለመከታተል በ1950 ዓ.ም. በኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ መሥራቹም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዌን ነበሩ። መግነጢስ ለመለካት የተጀመረው ሥራ ጥቂት ቆይቶ ርእደ መሬትን ጨመረ።

ለዚህ ምክንያት አልጠፋም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከስምጥ ሸለቆ የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጦ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ደግሞ በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው ርእደ መሬት ማጀቴ ፈረሰች፤ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ ተሰነጠቀ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰርዶ ተደመሰሰች። ጉዌን እነዚህንና ከነዚህ በፊት የነበሩትን ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ሳይቀር ለቅመው ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የርእደ መሬት ታሪክ የጻፉትን መጽሐፍ በ1971 ዓ.ም. አሳተሙ። የፊዚክስ ሰው የግእዝ ዜና መዋዕል ሲያገላብጥ ማየት ለኛ ለታሪክ ተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው።

በዚያው ዘመን ታላላቆቹ መንግሥታት ከመሬት በታች የሚፈነዳውን የኑክሌር ቦምብ ከርእደ መሬት ለይቶ ማወቅ አስፈልጓቸው ስለ ነበር፥ አሜሪካ በብዙ አገሮች አንድ ዓይነት መሣሪያ ያላቸው 120 ያህል ጣቢያዎች አቆመች፤ አንዱ የአራት ኪሎው ሆነ። ሐሳቡ የጦርነት ፍርሃት ቢሆንም የተገኘው መዝገብ ለሳይንስ ሰዎች ሁሉ ክፍት ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ጸጥታ ይሻል። የከተማ መኪና በሄደ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌው የሩቁን ርእድ ከቅርቡ አውቶቡስ መለየት ይቸግረዋል። ከአራት ኪሎ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የፉሪ ዓለት ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘና በ1990 ዓ.ም. ገደማ ዘመናዊ ጣቢያ ቆመበት። ከተማው ግን እግር በእግር ተከትሎ ዛሬ ተራራው ግርጌ ደርሷል።

ጣቢያው በዓለም መዝገብ የሚጠራው በተራራው ስም ነው። ፉሪ የመዘገበውን መሥመር በጃፓን ወይም በቺሊ ያለ ተማሪ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ያያል። ከተራራው ሥር ያለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ስለ ሞገድ የሚማረው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ቁመታዊና አግድማዊ ሞገድን በቃል አጥንተን በፈተና ጽፈናል፤ ሞገዱን ግን አላየነውም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት እንኳ ሥዕሉን ከሳተላይት አወረደልን እንጂ የአካባቢያችንን ምድር አላሳየንም፤ መምህሩም የሥዕሉ ረዳት ሆኖ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ቀላል አይመስለንም።

መምህሩ ከፉሪ መዝገብ ምን ያገኛል? ለምሳሌ ፈንታሌ ከፉሪ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቁመታዊው ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር፥ አግድማዊው 3.5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ የመጀመሪያው በ23 ሰከንድ፥ ሁለተኛው በ40 ሰከንድ ይደርሳል። ተማሪው በመሥመሩ ላይ ያለውን የ17 ሰከንድ ልዩነት ለክቶ በ8 ቢያባዛ ርቀቱን በግምት ያገኘዋል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የታተመ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። ትንሽ የደፈረ መምህር ደግሞ የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት በሞላ አንጠልጥሎ በተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ቢያወዛውዝ፥ የእንቅስቃሴን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ በዓይን ያሳያል፤ የብዙ መመዝገቢያ መሣሪያዎች መሠረቱ ይኸው ነው። የታሪክ መምህሩም ከጉዌን መጽሐፍ የጥንቱን ርእድ ቢያነብላቸው ከፊዚክሱ ጋር ይገጥማል።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፥ ከአዋሽ ወዲያ ከፈንታሌ በስተሰሜን በዶፈን አካባቢ የተነሣው 5.7 የደረሰ ርእደ መሬት አዲስ አበባን አንቀጥቅጦ ብዙ ሰው ከአልጋው አስነሣ። የዚያን ሌሊት መሥመር ዛሬም ከፉሪ መዝገብ አውጥቶ ማተም ይቻላል፤ በቅድሚያ ለክፍል ልናቀርበው የምንመክረው እሱን ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው የነቁበት ሌሊት ነውና።