ወንበሩ የመራጩ ነው፤ ጁሊያን ቦንድ እና የጆርጂያ ምክር ቤት

ሕዝብ በድምፁ የመረጠውን ተወካይ፣ እንደ እሱው የተመረጡ ሌሎች ተወካዮች «ሐሳብህ አልጣመንም» ብለው በር ሊዘጉበት ይችላሉ? ጥያቄው ለሕግ ተማሪዎች ፈተና የተዘጋጀ ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያ ግዛት በተግባር የተነሳ ጉዳይ ነው። እልባት እስኪያገኝም አስራ አንድ ወራት ገደማ ፈጅቷል። የጉዳዩ ባለቤት ጁሊያን ቦንድ ይባላሉ። ለሃያ ዓመታት የጆርጂያ ግዛት ሕግ አውጪ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን በሕግ መጻሕፍት ያስመዘገበላቸው ግን ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሠሩት ሥራ ሳይሆን እንዳይቀመጡ የተከለከሉበት ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ትውልድና ትምህርት

ሆራስ ጁሊያን ቦንድ ጃንዋሪ 14 ቀን 1940 በቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ጄምስ ቦንድ በኬንታኪ ከባርነት የተወለዱ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ሲተርከው እንደኖረው፣ ጄምስ በወጣትነታቸው ለትምህርት ክፍያ የሚሆን አንድ ወይፈን በገመድ እየሳቡ ወደ ቤሪያ ኮሌጅ በእግራቸው ሄደዋል። ተምረውም ሰባኪ ሆኑ። ልጃቸው ሆራስ ማን ቦንድ ደግሞ የታወቁ የትምህርት ምሁር ሆነው በ1945 በፔንሲልቬንያ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ የተማሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። እናታቸው ጁሊያ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ።

እንግዲህ ጁሊያን ያደጉት መጽሐፍና ክርክር በሞላበት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ኩዌከር በሚባሉት ሰላም ሰባኪ ክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1957 አትላንታ ወደሚገኘው ሞርሃውስ ኮሌጅ ገቡ። እዚያም ማርቲን ሉተር ኪንግ በረዳት አስተማሪነት ከሌላ መምህር ጋር ሆነው የሰጡትን የፍልስፍና ትምህርት ከተከታተሉት ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ።

ይሁንና ዘመኑ ቁጭ ብሎ የሚያስተምር ዘመን አልነበረም። በማርች 1960 ቦንድና ጓደኞቻቸው በአትላንታ ምግብ ቤቶች የነበረውን የዘር መድልዎ በመቃወም ለነጮች ብቻ በተከለሉ ቦታዎች ገብተው መቀመጥ ጀመሩ። ቦንድ የታሰሩት በከተማው ማዘጋጃ ቤት ካፊቴሪያ ነበር። በቀጣዩ ወር በሰሜን ካሮላይና የተማሪዎች ኢ-አመፅ አስተባባሪ ኮሚቴ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በ1961 ትምህርታቸውን አቋርጠው የኮሚቴው የኮሙዩኒኬሽን ኃላፊ ሆኑ። ዲግሪያቸውን የያዙት ከአሥር ዓመት በኋላ በ1971 ነው፤ ያኔ የምክር ቤት አባል ከሆኑ ቆይተዋል።

ወደ ምክር ቤት ያደረሳቸው መንገድ

በዚያ ዘመን በጆርጂያ የምርጫ ክልሎች የተሸነሸኑት የሕዝብ ቁጥርን ሳይሆን አውራጃን መሠረት አድርገው ነበር። ጥቂት ሰው የሚኖርበት የገጠር አውራጃ፣ በመቶ ሺዎች ከሚኖሩባት አትላንታ ጋር የማይመጣጠን ጉልበት ነበረው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 እና በ1964 በሰጣቸው ውሳኔዎች «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለውን መርህ አጸና። በዚህም ምክንያት የጆርጂያ ተወካዮች ምክር ቤት ክልሎቹን እንደገና ለመሸንሸንና በ1965 ልዩ ምርጫ ለማካሄድ ተገደደ።

ቦንድ በ136ኛው የምርጫ ክልል ተወዳደሩ። ክልሉ ወደ 6,500 የሚጠጉ መራጮች ሲኖሩት 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ጁን 15 ቀን 1965 የተቆጠረው ድምፅ 2,320 ለ 487 ሆነ። የ25 ዓመቱ ወጣት በሰፊ ብልጫ አሸነፉ። በዚያ ምርጫ ወደ ጆርጂያ ተወካዮች ምክር ቤት ከተመረጡት ስምንት ጥቁሮች አንዱ ነበሩ። ይህ በጆርጂያ ቀላል ነገር አይደለም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 የተመረጡትን ጥቁር አባላት «ሹመት አይገባችሁም» ብሎ ያባረረው ይኸው የጆርጂያ ምክር ቤት ነበርና።

አንድ መግለጫ፣ አንድ የስልክ ቃለ ምልልስ

የቦንድ የሥራ ዘመን የሚጀምረው ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 ነበር። አራት ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 6፣ ይሠሩበት የነበረው የተማሪዎች ኮሚቴ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ። ከሦስት ቀን በፊት ሳሚ ያንግ የተባለ፣ በባሕር ኃይል አገልግሎ የተመለሰ ጥቁር ተማሪ አላባማ ውስጥ ከነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ጋር በተያያዘ ጠብ በጥይት ተገድሎ ነበር። መግለጫው የአሜሪካ መንግሥት ለቬትናም ሕዝብ ነፃነት አስባለሁ ማለቱ ማታለል ነው ሲል ከሰሰ። ለውትድርና መመልመልን ለማይቀበሉ ወጣቶችም አዘኔታውን ገለጸ።

ቦንድ መግለጫውን አልጻፉትም። የሬዲዮ ጋዜጠኛ በስልክ ሲጠይቃቸው ግን እንደሚደግፉት ተናገሩ። የውትድርና ካርዳቸውን የሚያቃጥሉ ሰዎችን ድፍረት እንደሚያደንቁ፣ እርሳቸው ግን የራሳቸውን እንደማያቃጥሉ አስረዱ። ቃለ ምልልሱ በቴፕ ተቀድቶ ነበርና ኋላ ላይ በምክር ቤቱ ፊት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ሰባ አምስት የምክር ቤቱ አባላት ቦንድ ወንበራቸውን እንዳይይዙ አቤቱታ አስገቡ። ሌሎቹ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ቦንድ ገለል እንዲሉ ተደረገ። በዚያው ዕለት ልዩ ኮሚቴ ጉዳያቸውን ሰማ። ቦንድ ሕገ መንግሥቱን ለማክበር ለመማል ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የተናገሩትን ግን አልሳቡም። ማታ ላይ ምክር ቤቱ 184 ለ 12 በሆነ ድምፅ አገዳቸው።

ለተቃዋሚዎቻቸውም ፍትሐዊ እንሁን። አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፤ የጆርጂያ ልጆችም እየሞቱ ነበር። በአባላቱ አመለካከት፣ በጦርነት ጊዜ እንዲህ የሚናገር ሰው ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ነኝ ብሎ ቢምል መሐላው ከልብ ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ግን ቅሬታቸው ልባዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው አልነበረም። የአንድን ሰው የመሐላ ልባዊነት የመመርመር ሥልጣን ማን ሰጣቸው? የሚለው ነው።

ወደ ችሎት

ቦንድ በአትላንታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። አብረዋቸው ከከሰሱት አንዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ኪንግ በክሱ የገቡት እንደ ታዋቂ መሪ ሳይሆን በ136ኛው ክልል የሚኖሩ፣ ተወካይ አልባ የሆኑ መራጭ በመሆናቸው ነው። ይህች ነጥብ የሕግ ባለሙያን ዓይን ትስባለች። ከወንበሩ የታገደው አንድ ሰው ቢሆንም ድምፁን የተነጠቀው አንድ ሙሉ የምርጫ ክልል ነበር።

ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ለምክር ቤቱ ፈረደ። ከአብላጫው ዳኞች አንዱ ግሪፊን ቤል ኋላ በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑት ናቸው። ዳኛ ኤልበርት ተትል በሐሳብ ተለዩ።

መራጮቹም እንዲሁ አልተቀመጡም። በፌብሩዋሪ 1966 ባዶውን ወንበር ለመሙላት ምርጫ ሲደረግ እንደገና ቦንድን መረጡ። ምክር ቤቱ ግን የተናገሩትን ካላስተባበሉ አልቀበልም አለ። በኖቬምበር ለቀጣዩ የሥራ ዘመን ሲወዳደሩ ለሦስተኛ ጊዜ መረጧቸው።

ዲሴምበር 5 ቀን 1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ለቦንድ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን ናቸው። ጆርጂያ፣ ቦንድ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የተደነገጉትን የዕድሜና የነዋሪነት መስፈርቶች አላሟሉም አላለችም። ምክር ቤቱ አንድን አባል በዘሩ ምክንያት ቢያግድ ፍርድ ቤት ጣልቃ መግባት እንደሚችልም አምናለች። ክርክሯ፣ የሕዝብ ተወካይ ከተራ ዜጋ ከፍ ያለ የታማኝነት ግዴታ ስላለበት ለዜጋ የተፈቀደው ንግግር ለእሱ ላይፈቀድ ይችላል የሚል ነበር።

ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ገለበጠው። በመጀመሪያ፣ ቃለ መሐላ ማስማል ተገቢ ነው፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥትም የግዛት ሕግ አውጪዎች እንዲምሉ ያዝዛል። ያ ማለት ግን አብላጫው ወገን የአናሳውን ልብ መርምሮ «መሐላህ ከልብ አይደለም» ሊል ይችላል ማለት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቦንድ የተናገሩት ማንም ዜጋ ቢናገረው የማያስቀጣ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ ተወካይ በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ የመናገር ነፃነቱ ከዜጋው ሊያንስ አይገባም። መራጩ ተወካዩን የሚመዝነው የሚያስበውን ሲሰማ ነውና። ስለዚህ ምክር ቤቱ የሕገ መንግሥቱን አንደኛ ማሻሻያ ጥሷል ተባለ።

ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ ይኸው ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሌላ የጆርጂያ ጉዳይ ወሰነ። ለገዥነት ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ስላልነበረ ምክር ቤቱ ገዥውን ይምረጥ ተባለ። ምክር ቤቱም በጃንዋሪ 1967 የመረጠው ሌስተር ማዶክስን፣ ጥቁሮች ምግብ ቤታቸው እንዳይገቡ በመከልከል ስም ያተረፉትን ሰው ነበር። ቦንድ ወንበራቸውን የያዙት በዚሁ ሰሞን፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1967 ነው።

ሃያ ዓመት በሕግ አውጪነት

ቦንድ እስከ 1975 በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከዚያ እስከ 1987 በግዛቲቱ ሴኔት አገለገሉ። በ1968 በቺካጎ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባዔ ላይ የገዥው ማዶክስን የልዑካን ቡድን የሚገዳደር ሌላ ቡድን ይዘው ቀረቡ፤ ጉባዔውም ወንበሮቹን ለሁለቱ አካፈለ። በዚያው ጉባዔ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስማቸው ተጠቆመ። ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ይጠይቃል፤ እርሳቸው ገና 28 ነበሩና ራሳቸውን አገለሉ። ከ1971 እስከ 1979 የሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስለ ሲቪል መብት ትግል የተሠራውን «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የተረኩትም እርሳቸው ናቸው።

በሴኔት ሳሉ ከታገሉላቸው ጉዳዮች ዋነኛው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የኮንግረስ ምርጫ ክልሎች ሽንሸና ነው። አትላንታ ጥቁሮች በግልጽ የሚበዙበት አንድ የምርጫ ክልል እንዲኖራት ተከራከሩ። ግዛቲቱ ያወጣችውን ሽንሸና በ1982 የፌዴራል ፍርድ ቤት አድሏዊ ነው ብሎ ጣለው፤ አምስተኛው የምርጫ ክልልም እንደገና ተሸነሸነ።

መራጩ ሲፈርድ

በ1986 ቦንድ የሴኔት ወንበራቸውን ትተው በዚሁ ክልል ለኮንግረስ ተወዳደሩ። ተፎካካሪያቸው ከተማሪዎቹ ኮሚቴ ጀምሮ አብረዋቸው የታገሉት ጆን ሉዊስ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ 47 በመቶ፣ ሉዊስ 35 በመቶ አገኙ። በመለያው ዙር ክርክሩ መረረ። ሉዊስ ባልንጀራቸውን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እናድርግ እስከ ማለት ደረሱ። ሴፕቴምበር 2 ቀን ድምፁ ሲቆጠር ሉዊስ 52 ለ 48 አሸነፉ። ከጥቁር መራጮች አብዛኞቹ ቦንድን ቢመርጡም የነጮቹ ድምፅ ወደ ሉዊስ አዘነበለ። ቦንድ የታገሉለት ክልል ለባልንጀራቸው ሆነ፤ ሉዊስም በ2020 እስኪሞቱ ድረስ ወከሉት።

ለነገሩ የቦንድን ሕይወት አንድ የሚያደርገው ክር እዚህ ላይ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። በ1966 አንድ መቶ ሰማንያ አራት ሕግ አውጪዎች ሊከለክሏቸው ሞክረው አልቻሉም፤ ወንበሩ የእነርሱ አልነበረምና። በ1986 ደግሞ ወንበሩን መራጮች ነፈጓቸው፤ ያኔ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት አልነበረም። የተወካይ የመናገር ነፃነት ከመራጩ ፍርድ አያድንም። የሚጠብቀው ያንን ፍርድ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይሰጠው ነው።

ቦንድ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ማስተማር ገቡ። በዋሽንግተን አሜሪካን ዩኒቨርሲቲና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል መብት ትግልን ታሪክ አስተማሩ። ከ1998 እስከ 2010 ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. በሚል ምህፃር የሚታወቀውን አንጋፋ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበር በሊቀ መንበርነት መሩ። በ2013 በ73 ዓመታቸው የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ግንባታን ሲቃወሙ በዋይት ሐውስ ደጃፍ ታሰሩ። ኦገስት 15 ቀን 2015 ፍሎሪዳ ውስጥ በ75 ዓመታቸው አረፉ።

የሕግ ሰዎች ዛሬ ስማቸውን የሚያነሱት «ቦንድ እና ፍሎይድ» በሚባለው መዝገብ ነው። ከመዝገቡ ጀርባ ግን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ወጥተው ያንኑ ሰው የመረጡ የ136ኛው ክልል ነዋሪዎች አሉ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር የተናገረውን እነርሱ በፌብሩዋሪ ተናግረውት ነበር።