ፊታውራሪ መሸሻና የልደታዋ ተከራይ

ልደታ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር አንዲት የሕግ ተማሪ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስጠናታለሁ። የከበዷት ሁለት ትምህርቶች ናቸው፤ አንዱ የኪራይ ሕግ፣ ሌላው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ። ሁለቱን ለየብቻ ላስጠናት ነበር ያሰብኩት። አንድ ጥያቄዋ ግን አገናኛቸው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እያነበብን ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ በብዙዎቻችን ጆሮ የቀረው በወጋየሁ ንጋቱ የራዲዮ ትረካ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ የለም። ባላገሮቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ እምቢ ማለታቸውን፣ አበጀ በለው እንደመራቸው፣ ፊታውራሪውም ሊያስገብሩ ዘምተው መማረካቸውን ግን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ልጅቷ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ፊታውራሪው የጣሱት የትኛውን ውል ነው?» አለችኝ።

መልሱ «የትኛውንም» ነው። በመካከላቸው ውል አልነበረም። ባላገር የሚገብረው ተስማምቶ ሳይሆን ባላገር ሆኖ በመወለዱ ነው። ግብርና ኪራይ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2896 የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይን ውል ይለዋል፤ አከራይ ለተወሰነ ጊዜ ያስገለግላል፣ ተከራይ ዋጋውን ይከፍላል። በሕግ ፊት ሁለቱም ተዋዋዮች ናቸው።

የእኛ ታሪክ ግን በዚህ መንገድ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዘው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የግል አከራይ ሲመለስ ብዙው ኪራይ በቃል ስምምነት ቀጠለ። ልደታም ከቀበሌ ቤት ሰፈርነት ወደ ኮንዶሚኒየም ሰፈርነት ተለወጠች።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመሙላት የሞከረው ይህንኑ ክፍተት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራይ በፈለገ ቀን ዋጋ አይጨምርም፤ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው ልክ ነው።

ይህን ሳስረዳት ልጅቷ ዝም አለች። ኋላ እንደነገረችኝ እሷና እናቷ የሚኖሩት በኪራይ ነው። ውላቸው የቃል ነው። አከራያቸው ባለፈው ሳምንት «ከመጪው ወር ሦስት ሺህ ብር ትጨምራላችሁ፣ ካልሆነ ቤት ፈልጉ» ብለዋቸዋል። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም። በጡረታ የሚኖሩ ናቸው፤ የጤፍ ዋጋ ለእሳቸውም አልቀነሰም። ቢሆንም ችግራቸው የተከራይዋን መብት አይሰርዘውም።

ለትምህርቱም ለቤቱም ይጠቅማል ብዬ የውል ረቂቅ አስጻፍኳት። አሳምራ ጻፈችው፤ የልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊዎችም አይንቁትም። እናትየው ግን ረቂቁን አንብባ አጣጥፋ መለሰችላት። «ወረቀት ጠይቄ ቤት ባጣስ?» አለች።

ለዚህ አንቀጽ አልነበረኝም። ሕጉ አላግባብ ማስወጣትን ይከለክላል። ነገር ግን በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ አንድ ቧንቧ እየቀዱ ተኳርፎ መክረምን ሕግ አይከለክልም። እናትየው ለምና ጭማሪውን በግማሽ አስቀነሰችና ከፈለች። ረቂቁ አሁንም ልጅቷ ፋይል ውስጥ ነው።

ስለዚህ አከራይ የሆናችሁ አንባቢያን፣ እባካችሁ ወረቀቱን እናንተ ቀድማችሁ አምጡት። የተመዘገበ ውል ለእናንተም ማስረጃ ነው፤ ኪራይ ያልከፈለን ለመጠየቅ፣ ቤት ያበላሸን ለመክሰስ ይረዳችኋል። ተከራይ ውል መጠየቅ የሚፈራ ከሆነ ግን የሚከፍለው ስሙ ኪራይ ይሁን እንጂ ግብር ነው።

ልጅቷ ፈተናዋን የምትቀመጠው በመጪው ወር ነው። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ከተጠየቀች የምትጽፈው እንደማይቸግራት አምናለሁ።