በሌላው ጫፍ ማን ነው? ኮምፒውተርን ከሩቅ የማዘዝ አጭር ታሪክ

መካነ ሰላም ከተማ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ተበላሸ እንበል። ባለሙያው ያለው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው። ድሮ ቢሆን ወይ ማሽኑ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ይጫናል፣ ወይ ባለሙያው ራሱ ይመጣል። ዛሬ ግን ቢሮ ያለው ሰው ኤኒዴስክን ወይም ቲምቪወርን ይከፍትና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር በስልክ ያነብለታል። ትንሽ ቆይቶ የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ግቢው ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ለተከፈለው ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዓይነት ተቋም ይህ ምን ያህል መንገድ እንደሚያሳጥር መገመት አይከብድም።

ግን እስቲ አንድ ነገር ያስቡ። ያንን ቀስት የሚያንቀሳቅሰውን እጅ እርስዎ አላዩትም። ኮምፒውተሩም አያየውም። እሱ የሚያውቀው ቁልፉን ብቻ ነው፤ ቁልፉን ለያዘ ሁሉ ይታዘዛል። ስለዚህ የዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ ሲጠቀለል የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ በሌላው ጫፍ ያለው ማን ነው?

ማኅተምና ሽቦ

ጥያቄው ኮምፒውተርን ይቀድማል። ቃል በመልእክተኛ በሚሄድበት ዘመን፣ መልእክተኛውን የማያውቅ ተቀባይ የሚያምነው ማኅተሙን ነበር። ዛሬ የይለፍ ቃል የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ ማኅተም ይሠራው ነበር ማለት ነው። ሆኖም ማኅተም የላኪውን ማንነት ቢናገርም፣ በሌላው ጫፍ ምን እንደተደረገ ለላኪው አይነግረውም። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ያለ ምላሽ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤው ተነቦ ይሁን መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የዚያ ዝምታ መዘዝ የታወቀ ነው፦ የአውሮፓውያኑ እስር፣ የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ፣ በመጨረሻም ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው።

የናፒየር መሐንዲሶች ከዙላ የባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ዘርግተው ነበር። ሽቦው ፍጥነትን ሰጠ፤ ማኅተም ግን በሽቦ አይሄድም። ተቀባዩ የሚሰማው ምት ብቻ ስለሆነ፣ መሣሪያው ላይ የተቀመጠውን ሰው ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። ይህ ችግር እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

መቅደላ በወደቀች በመቶ ዓመቱ፣ በዲሴምበር 1968 እ.ኤ.አ.፣ ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መድረክ ላይ ተቀምጦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜንሎ ፓርክ የነበረውን ኮምፒውተር አዘዘ። ማውስ በአደባባይ የታየውም በዚያው ዕለት ነው። ሜንሎ ፓርክ ከቀረ የሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ስክሪን ተጋርተው፣ ፊት ለፊት እየተያዩና እየተነጋገሩ ሠሩ። ይህን ልብ ይበሉ፦ ሁለቱም በሌላው ጫፍ ማን እንዳለ ያውቁ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሦስት በር

1998 እ.ኤ.አ. ላይ ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጣ። ማይክሮሶፍት ዛሬም ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን አርዲፒ የተባለ የርቀት መቆጣጠሪያ ይዞ ብቅ አለ። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ የነበረ የምርምር ማዕከል ደግሞ ቪኤንሲን ለማንኛውም ሰው በነፃ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ ላስ ቬጋስ በተካሄደ የሃከሮች ጉባኤ፣ ባክ ኦሪፊስ የተባለ ሦስተኛ ፕሮግራም ይፋ ሆነ። የሠሩት ሰዎች ዓላማቸው የዊንዶውስን የደህንነት ክፍተት ማሳየት እንደሆነ ተናገሩ። ፕሮግራሙ ተደብቆ ይሠራል፤ የኮምፒውተሩ ባለቤት ምንም አያይም።

ሦስቱም በቴክኒክ ዓይን ዘመዳሞች ናቸው። ሩቅ ያለ ሰው ማሽኑን እንደ ራሱ እንዲያዝበት ያደርጋሉ። ልዩነታቸው የእኛ ሰው በር ላይ ሆኖ «ቤቶች!» በሚለው እና በጓሮ በሚገባው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ገብተው የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ግን አስፈቅዷል።

ፕላዝማና ወረዳኔት

በአገራችን ብዙዎቻችን ከሩቅ የሚመራ ስክሪን ያየነው በፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ጀመሩ። በዚያ የተማረ ሰው ያስታውሰዋል፦ የፕላዝማው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም ይቀጥላል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ማብራትና ማጥፋት እንጂ ማስቆም አይችልም ነበር። በዚያው ጊዜ የተዘረጋው ወረዳኔት ደግሞ የወረዳ ኃላፊዎችን ከክልልና ከፌዴራል ቢሮዎች ጋር በቪዲዮ አገናኘ። ሁለቱም የሩቁን ሰው ወደ ክፍላችን አመጡት፤ ወደ ፋይላችን ግን አልገባም። ያ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ደግሞም ሳይጠራ።

ሳይጠራ የመጣው እንግዳ

በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በኢሜይል የደረሰውን የወርድ ፋይል ከፈተ። በኋላ ባቀረበው ክስ እንደሚለው፣ በፋይሉ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ነበር፤ የስካይፕ ንግግሩን፣ ኢሜይሉን፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሳይቀር ለወራት መዝግቦ ኢትዮጵያ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር። ግለሰቡ በ2014 እ.ኤ.አ. «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ሌላ ጥናት አወጣ። ቤልጅየምና ቨርጂኒያ የነበሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ የተላከላቸው ፋይል ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራውን ፕሮግራም የያዘ ነበር። የፕሮግራሙ ስም ምን መሰለዎት? «ሪሞት ኮንትሮል ሲስተም»። ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መንግሥት እንዲህ ያለ መሣሪያ እንደማይጠቀም ገልጾ አስተባበለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ ሲበተን፣ የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ መካከል ሆኖ ተገኘ።

የኪዳኔ ክስ መጨረሻ የበለጠ ያስገርማል። በማርች 2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ስለላው አልተፈጸመም አላለም። ያለው እንዲህ ነው፦ የውጭ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ ጥፋቱ በሙሉ እዚያው የተፈጸመ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ግን ሐሳቡም አላላኩም ከውጭ ነው። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ፣ እጁ ባሕር ማዶ። የሩቅ ቁጥጥር ሕጉን ራሱን መሬት አሳጣው።

ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ?

ከታሪኩ የሚወጣው ምክር አጭር ነው።

ፕሮግራሙን ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። በቴሌግራም የተላከ ፋይል ወይም በድንገት ብቅ ያለ «አዘምን» የሚል ማስታወቂያ አይመኑ። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ሌላ የስለላ ዘመቻ ኢትዮጵያውያን የተጠመዱት በሐሰተኛ የአዶቢ ፍላሽ ማዘመኛ ነበር።

ማንም በሌለበት መግባትን የሚፈቅደውን ምርጫ የግድ ካልሆነ አይክፈቱት። ከከፈቱት ረጅምና ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት የይለፍ ቃል፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም መግባት የሚችሉትን ማሽኖች ዝርዝር ይጨምሩበት።

የቢሮ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩ ከሆነ አርዲፒን በቀጥታ ለኢንተርኔት አያጋልጡት፤ መጀመሪያ በቪፒኤን ይገባ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተገኘው ብሉኪፕ የተባለ ክፍተት የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቅ ያስገባ ነበር። ስለዚህ ማዘመንን አያዘግዩ። ቁልፍ ሠሪውም ሊሰረቅ ይችላል፦ ኤኒዴስክ በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. የራሱ ሰርቨሮች መጠለፋቸውን አስታውቆ ደንበኞቹ የይለፍ ቃል እንዲቀይሩ መክሯል።

ባለሙያው ሲሠራ ከወንበርዎ አይነሱ፤ ሲጨርስ ግንኙነቱን ራስዎ ይዝጉት። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ይህን ጫንና ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ዝግት ያድርጉና በሚያውቁት የባንኩ ቁጥር መልሰው ይደውሉ።

በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ያስቀጣል። ግን የኪዳኔ ጉዳይ እንዳሳየን ሕግ የሩቁ እጅ ጋ ላይደርስ ይችላል። ቁጥሩን ከማንበብዎ በፊት «ማነው?» ብሎ መጠየቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።